ማማ የሌለው ሜዳ

መንዝን የማያውቅ ሰው «ማማ» ሲባል ትዝ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ አራት እንጨት ተተክሎ፣ ርብራብ ተደርጎበት፣ አዝመራ ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ቆጥ። መንዝን ለሚያውቅ ግን ሁለተኛ ትርጉም አለው። ገራ፣ ማማና ላሎ ተብለው ከሚጠሩት ከሦስቱ የመንዝ ምድሮች አንዱ ማማ ምድር ነው። በዘመናችን ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም ተጨመረበት፤ በአይሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የሚታየው፣ ዙሪያውን በመስታወት የተከበበውና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚቀመጡበት ሕንጻ የመቆጣጠሪያ ማማ ይባላል። እነሆ ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ማማ ነው፤ ይልቁንም ስለ አለመኖሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ለመጠየቅ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 280 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ መሐል ሜዳ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነውና ፀሐይ ገና ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ባናውንና ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ይሰበሰባል። በአክስቴም ቤት እንዲሁ ሆነ። ከጎረቤት የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ትውልዳቸው ግሼ፣ ራቤል ነው። ጠላው አንድ ሁለት ጊዜ ከተቀዳ በኋላ ወደኔ ዞር አሉ።

«አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ነህ አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባቴ። ቋሚ ቀጣሪ ባይኖረኝም እጽፋለሁ።»

«እንግዲያውስ የተማርክ ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሰባ ሰባት ራቤል ላይ ስንዴ ከሰማይ ሲወርድ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ የአይሮፕላኑን ድምፅ ስትሰማ ነጠላዋን ጥላ ወደ ዋሻ ሮጠች። የጣሊያን ጊዜ ልጅ ናትና መርዝ ሊጥሉብን ነው አለች። ቆየት ብሎ ጆንያው ሲወርድ አየን። እኔን የገረመኝ ግን ስንዴው አይደለም። ትልልቆቹ አይሮፕላኖች ይመጣሉ፤ ከሥር ሄሊኮፕተሩ ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ ከብቱና ሰዉ ደግሞ ሜዳው ዳር ይተራመሳል። ቤት የለ፣ ግንብ የለ፣ መብራት የለ። የአንዱ ቋንቋ ለሌላው የማይገባ የሦስት አገር ሰው ነው አሉ። ታዲያ ምን ይዟቸው ነው ሳይላተሙ የቀሩት?»

መልስ አልነበረኝም። ጋዜጠኝነትን በዲፕሎማ የተማረ ሰው ስለ አይሮፕላን የሚያውቀው ትኬቱን ያህል ነው። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለያየን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቀጠሮ ማክበሪያ ነው።

* * *

እኔ ከሰባ ሰባት በኋላ የተወለድኩ ነኝ፤ ያን ዘመን የማውቀው በወሬና በመጽሐፍ ነው። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) የኮረም መጠለያ ምስል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሔርኩለስ አይሮፕላኖች አዲስ አበባ ደረሱ። የምዕራብ ጀርመን ትራንሶል አይሮፕላኖች መጡ። ሶቪየት ኅብረት አንቶኖቮችንና ሄሊኮፕተሮችን ላከች። ከፖላንድም ሚ 8 የተባሉት ሄሊኮፕተሮች መጡ። እህሉ መጀመሪያ የተጓዘው ማረፊያ ወዳለባቸው ወደ መቀሌ፣ ወደ አክሱምና ወደ አላማጣ ነበር።

ነገር ግን ከመንዝና ከግሼ ሸንተረሮች ላይ ያለው ሕዝብ መንገድም ማረፊያም አልነበረውም። የጭነት መኪና ገደሉን አይወጣም፤ ትልቅ አይሮፕላን ደግሞ በዚያ ከፍታ ባልተደለደለ ሜዳ አያርፍም። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚደገፍበት ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሲያርፍ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ሲነሣም ረጅም መንደርደሪያ ይጠይቃል። ደጋ ለሰው እንጂ ለአይሮፕላን አይመችም።

በመሆኑም ከጥር ወር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ እህሉን ሳያርፉ መጣል ተጀመረ፤ ስንዴው ከወረደባቸው ቀዳሚ ሥፍራዎች አንዱ ይኸው የሽማግሌው አገር ራቤል ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የፖላንዶቹ ሄሊኮፕተር የመሬት ቡድኑን ያደርሳል። ቡድኑ ሜዳውን ይመርጣል፤ ሰውና ከብት ገለል እንዲል ያደርጋል፤ ምልክት ያነጥፋል፤ በሬዲዮም ሜዳው ነጻ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ እንግሊዙ ወይም ጀርመኑ የጭራውን በር ከፍቶ፣ ሣሩን ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ያልፋል። ጆንያው ያለ ጃንጥላ ይወርዳል። ሲያርፍ ቢፈነዳ እህሉ እንዳይበተን በድርብ በድርብ ጆንያ ይታሰራል። አይሮፕላኑ ከፍ ይላል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ይጥላል።

አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው እነማን እንደ ነበሩ ነው። በዚያ ጊዜ ፖላንድ የዋርሶ ቃል ኪዳን አባል ናት፤ እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን የኔቶ አባሎች ናቸው። በአውሮፓ ሰማይ ላይ አንዱ የሌላውን አይሮፕላን መትቶ ለመጣል ሌት ተቀን ይሠለጥን ነበር። ፖላንድና ጀርመንማ ከአርባ ዓመት በፊት የተፋሰሱት ደም ገና ከትዝታ አልወጣም ነበር። እነዚህ ሰዎች ግሼ ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ ሜዳውን ይጠርጋል፣ ሌላው ይጥላል። የጀርመኑ አብራሪ ሕይወት ፖላንዳዊው በሚሰጠው ምልክት ላይ፣ የፖላንዳዊውም ሕይወት ጀርመኑ ተራውን በመጠበቁ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የሽማግሌው እናት መሮጥም የሚያስቅ አይደለም። መንዝ አይሮፕላንን ቀድሞ ያወቀው በስንዴ አይደለም። ከ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ የፋሺስት ጣሊያን አይሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ አርከፍክፈዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው መንዝ፣ ዘረት በተባለው ሥፍራ ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉት አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ በመርዝ ጋዝ ተጨፍጭፈዋል። ድምፁን ሰምቶ መሸሽ ከዚያ የተገኘ ዕውቀት ነው። እኚያ እናት የሸሹት ወደ ዋሻ መሆኑ ግን ልብ ይነካል።

* * *

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ምን ይዟቸው ነው ያልተላተሙት?

ሰው ማማ ሲያይ የሚያስበው ማማው ባይኖር አይሮፕላኖቹ ሁሉ እንደሚጋጩ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ማረፊያዎች እጅግ የሚበዙት ማማ የላቸውም። አይሮፕላን እንደ ታክሲ በበዛበት በአሜሪካ እንኳ ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት ከሆኑት 5000 ያህል ማረፊያዎች ማማ ያላቸው 500 ገደማ ብቻ ናቸው። በቀሩት ላይ አብራሪዎቹ ራሳቸው እየተነጋገሩ ያርፋሉ፣ ይነሣሉ።

መሠረቱ አራት ነገር ነው። አንደኛው መንገድ ነው። ወደ ሜዳው የሚመጣ አይሮፕላን በፈለገው አቅጣጫ አይገባም። በሜዳው ጎን፣ ከመሬት 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከነፋሱ ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እንደገና ወደ ግራ ታጥፎ በነፋሱ ፊት ለፊት ይወርዳል። ግራ የተመረጠበት ምክንያት ዋናው አብራሪ የሚቀመጠው በግራ በኩል ስለሆነ ሜዳው ከዓይኑ እንዳይጠፋ ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ ከዞረ ሌላውን የት እንደሚፈልገው ያውቃል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። በሜዳው የሚጠቀሙ ሁሉ አንድ የጋራ የሬዲዮ ሞገድ ይከፍታሉ። አብራሪው ገና 15 እና 20 ኪሎ ሜትር ሲቀረው የሜዳውን ስም ይጠራል፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይናገራል፤ በመጨረሻም የሜዳውን ስም ይደግማል። ስሙ ሁለቴ የሚጠራው በዚያው ሞገድ የሌላ ሜዳ ሰው ሊኖር ስለሚችል ነው። ሦስተኛው ዓይን ነው፤ ሬዲዮ የሌለው ወይም ሬዲዮው የተበላሸበት ሊኖር ይችላልና አይቶ መሸሽ ግዴታ ነው። አራተኛው ደንብ ነው፤ ማን ለማን ያሳልፍ የሚለው።

የደንቡን ነገር ለሽማግሌው ብነግራቸው የሚገርማቸው አይመስለኝም። ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይላሉ። ሁለት አይሮፕላኖች መንገዳቸው ሲገናኝ ሌላውን በቀኙ ያገኘ ያሳልፋል። ሞተር ያለው ሞተር ለሌለው ተንሸራታችና ለፊኛ ይለቃል። ለማረፍ ከሚመጡት መካከል ከፍ ያለው ዝቅ ላለው ያሳልፋል። ነገር ግን ዝቅ ያለው ይህን መብቱን ተጠቅሞ፣ ማረፍ በጀመረ በሌላው ፊት ሾልኮ መግባት አይፈቀድለትም። በገደል መንገድ ላይ ባዶውን የሚሄድ በቅሎ ለተጫነው ዳር ይዞ ይቆምለት የለ? አቅም ያለው አቅም ላነሰው፣ መመለስ የሚችለው መመለስ ለማይችለው ይለቃል። አገር ቤት ያለ ጽሑፍ የኖረውን ሕግ ፈረንጆቹ በወረቀት አሰፈሩት ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን በደም ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1922 ከፓሪስ ወደ ለንደን የሚበር የፈረንሳይ አይሮፕላንና ከለንደን ወደ ፓሪስ የሚበር የእንግሊዝ አይሮፕላን በሰሜን ፈረንሳይ ጭጋግ ውስጥ ፊት ለፊት ተላተሙ። ሁለቱም አብራሪዎች አንዱን የምድር መንገድ ከላይ እየተከተሉ ነበር። ሰባት ሰው ሞተ። የመንገደኛ አይሮፕላኖች በአየር ላይ ሲጋጩ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀኝን የመያዝ ነገር አጥብቆ የተያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ሴንት ልዊስ አርቺ ሊግ የተባለ ሰው በጋሪ ወንበርና ጃንጥላ እየገፋ ሜዳ ላይ ይወጣና በሁለት ባንዲራ አይሮፕላን ያስተናግድ ጀመር፤ አንዱ እለፍ፣ ሁለተኛው ቁም ነው። በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ የበረራ ተቆጣጣሪዎች አንዱ እንግዲህ እንደ ሰብል ጠባቂ ሜዳ ዳር የሚቀመጥ ሰው ነበር።

* * *

በአገራችን አይሮፕላን የመጣው ማማ ሳይኖር ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 አይሮፕላን ከጅቡቲ አምጥቶ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ከመሬት የሚያናግረው አልነበረም። ሊጋጨው የሚችል ሌላ አይሮፕላንም አልነበረም። ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም.፣ አይሮፕላን በአንቺም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ዋለ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 ቺካጎ ላይ ለፊርማ የቀረበውን የዓለም የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። ከላይ የጠቀስኩት የማሳለፍ ደንብ የወጣው ከዚያ ስምምነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ድጋፍ ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። መነሻው ከጦርነት የተረፉ አምስት ሲ 47 አይሮፕላኖች ነበሩ፤ ቤቱም ልደታ ሜዳ። በኋላ ዲሲ 3 እየተባሉ የአገሩን ዳር እስከ ዳር የዞሩት እነዚሁ ናቸው። ያረፉባቸው አብዛኞቹ ሜዳዎች የሣርና የአፈር ነበሩ። የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ከረጢት በእንጨት ላይ ይሰቀላል፤ ሰው ከብቱን ያባርራል፤ አይሮፕላኑ ያርፋል። ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮም ትዊን ኦተር የተባሉት ትናንሽ አይሮፕላኖች ይህንኑ ሥራ ቀጠሉ። በእነዚያ ሜዳዎች ግጭትን ያስቀረው ከሁሉ በላይ የአይሮፕላኑ ማነስና የጊዜ ሠሌዳው ይመስለኛል። ብቻውን የሚሄድ ማንን ይገጫል?

ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛው ሲጨመር ነው። ይህን በተመለከተ ካነበብኩት ሁሉ አንድ ታሪክ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1996 ምሽት ላይ ነው። ቦታው በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኲንሲ የምትባል ከተማ ማረፊያ፤ ማማ የለውም። ቢችክራፍት 1900 የተባለ አነስተኛ የመንገደኛ አይሮፕላን 10 መንገደኞችና 2 አብራሪዎች ይዞ ለማረፍ እየቀረበ ነው። ዋናዋ አብራሪ እንደ ደንቡ በጋራው ሞገድ ደጋግማ ስሟንና ቦታዋን ተናገረች። ከታች፣ መንደርደሪያዋን በሚያቋርጠው በሌላው መንደርደሪያ ጫፍ ላይ፣ ኪንግ ኤር የተባለ አይሮፕላን ሊነሣ ተዘጋጅቷል። ከኋላው ቼሮኪ የተባለ ትንሽ አይሮፕላን ተራውን ይጠብቃል። አብራሪዋ ኪንግ ኤርን ለይታ ጠየቀች፤ ትነሣለህ ወይስ እኔ እስካርፍ ትቆያለህ? መልስ መጣ፤ እየጠበቅን ነው የሚል። የመልሱን ከፊል የገዛ አይሮፕላኗ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ሸፈነባት። መልስ የሰጠው ግን ኪንግ ኤር አልነበረም። ከኋላ የቆመው የቼሮኪው አብራሪ ነው፤ ልምዱም ጥቂት ነበር። እሷ ግን የጠየቀችው ሰው የመለሰላት መስሏት ምስጋና አቅርባ አረፈች። ኪንግ ኤር ሳይሰማና ሳያይ መንደርደር ጀመረ። መስቀለኛው ላይ ተላተሙ።

ከግጭቱ በኋላ በመንገደኛው አይሮፕላን ውስጥ የነበሩት ሰዎች በሕይወት ነበሩ። በሩ አልከፈት ብሎ እሳትና ጭስ ጨረሳቸው። በሁለቱም ውስጥ የነበሩት 14 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎቹ የኪንግ ኤር ሰዎች ሞገዱን በሚገባ አለማዳመጣቸውንና ዙሪያቸውን አለማየታቸውን ዋና ምክንያት አደረጉ። በጥያቄው ላይ ያለ ቦታው የገባውን መልስም ጠቀሱ።

እንግዲህ መንገድ ነበረ፤ ደንብ ነበረ፤ ድምፅም ነበረ። የጠፋው ምንድን ነው? ድምፁ የማን መሆኑ። መንዝ ገደል አገር ነው። እረኛ ከማዶ ተጣርቶ መልስ ሲሰማ መልሱ የጓደኛው ነው ወይስ የገደል ማሚቶ ብሎ መጠራጠር አለበት። ስሙን ጠርቶ፣ ስሙን ሲመልስለት ነው ጓደኛው እዚያ መኖሩን የሚያምነው። ኲንሲ ላይ 14 ሰው የሞተው በገደል ማሚቶ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለማማ አምላኪዎችም አንድ ነገር ልጨምር። በአቪዬሽን ታሪክ በአደጋ ብዙ ሰው ያለቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ነው፤ ሁለት ትልልቅ ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ላይ ተላትመው 583 ሰው ሞተ። እዚያ ማማ ነበረ፤ ተቆጣጣሪም ነበረ። ጭጋግ ነበረ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ሬዲዮው ተንጫጭቶ ወሳኙ ቃል ጠፋ፤ አንደኛው አብራሪም ያልተፈቀደለትን የተፈቀደለት መስሎት ተንደረደረ። ማማ የሚጠቅመው የሚናገረው ቃል ሲሰማና መሰማቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ነገሩ ሩቅ አይምሰላችሁ። በአፍሪካ ሰማይ ላይ የሚበር አብራሪ ሁሉ፣ የእኛዎቹን ጨምሮ፣ የመሬቱ ተቆጣጣሪ በሚገባ በማይሰማበት ሥፍራ 126.9 በተባለው ሞገድ ቦታውን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን ለሌሎቹ አብራሪዎች ራሱ እንዲያሰማ የተዘጋጀ ሥርዓት አለ። የጎረቤታችን የሶማሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ከወደቀ በኋላ ያ ሰፊ ሰማይ ሙሉ ቁጥጥር ሳይኖረው ኖሯል፤ ሙሉ የቁጥጥር ደረጃው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል መንገደኛው ተኝቶ ሲያልፍ ከፊት ያሉት ሰዎች እንደ እረኛ እየተጣሩ ያልፉ ነበር ማለት ነው።

* * *

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ጓሳ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ በሣሩ የታወቀ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደጋ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱን የሚገምደው በጓሳ ሣር ነው። አጥር የለውም። ያም ሆኖ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ባወጣው ቀሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይከለላል፤ ሹሞቹ መድረሱን አይተው ቀን ይቆርጣሉ፤ መከፈቱ ለሁሉም በአዋጅ ይነገራል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል። ቀኑ ሳይደርስ የገባ ይቀጣል። ሚስጥሩ ሁለት ነገር ነው፤ ሁሉም ደንቡን ማወቁና ሁሉም አዋጁን መስማቱ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። ጓሳ የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን የማንም አልሆነም። ጥበቃው የመንግሥት ነው ተባለ፤ መንግሥት ግን አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ጓሳ አይታይም። እያንዳንዱ ሌላው ይጠብቀዋል ብሎ ማጭዱን ይዞ ገባ። ሣሩ ከተጎዳ በኋላ ነው ሰዉ እንደገና ተሰባስቦ ኮሚቴ አቋቁሞ የቀድሞውን ደንብ በአዲስ መልክ የመለሰው። ዛሬ ጓሳ በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ተብሎ ይታወቃል።

ይህን ስጽፍ ማማ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። አይሮፕላን በበዛበት ቦታ ማማ ግድ ነው፤ ቦሌን ያለ ማማ ማሰብም አይቻልም። የምለው ማማ ደንብን ሊተካ አይችልም ነው። እኛ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጠባቂው የት ነበር?» ብለን ነው። መንታ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ዘወር ሲል መኪናው ሁሉ እንዴት እንደሚቆላለፍ ያላየ የለም። አንዱም መሪ ደንቡን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እኔ ባሳልፍ ሌላው አያሳልፈኝም ብሎ ስለሚያምን ነው። ዝቅ ያለው ሾልኮ እንዳይገባ የሚከለክለው ደንብ የተጻፈው ለዚህ ዓይነቱ ልብ ነው።

ግሼ ላይ ያንን ልብ ያስቆመው ምን ነበር? ፖላንዳዊው ጀርመኑን ወደደው ማለት አይደለም፤ መዋደድማ ቢቀር ግድ የለም። ሁሉም በአንድ መንገድ ዞረ፤ ሁሉም ስሙን ጠራ፤ ሁሉም ሜዳው ነጻ መሆኑን ከትክክለኛው ሰው ሳይሰማ አልወረደም። ከሥር ደግሞ የሚጠብቅ ረኃብተኛ ነበረ። የሚሳሳተው ሰው ስሕተቱን ለማን እንደሚያስከፍል ከላይ ሆኖ በዓይኑ ያየው ነበር።

ከጊዜ በኋላ ለአክስቴ ስልክ ደውዬ ሽማግሌውን እንድታገናኘኝ ለመንኳት። ያገኘሁትን ሁሉ፣ መንገዱን፣ ድምፁን፣ ደንቡን፣ የኲንሲውንም ነገር ባጭሩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባቴ፣ ይሰሙኛል?» አልኩ።

«እሰማሃለሁ» አሉ። ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩኝና «እኔ ነኝ የምሰማህ፤ ሌላ ሰው አይደለም» ብለው ሳቁ።